«ከመዝገብ ዋጋው ጋር ይቀራረባል» የምትለው ዓረፍተ ነገር

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

የባንኮችና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ጠቅላላ ጉባዔ ሰሞን ጋዜጣችሁ ኦዲት የተደረጉ የሂሳብ መግለጫዎችን በሙሉ ገጽ ያወጣል። የሀብትና ዕዳው መግለጫ አለ፣ ትርፍና ኪሳራው አለ፣ የውጭ ኦዲተሩ አስተያየትም አለ። የሚቀረው ማብራሪያው ነው። ብዙ ገጽ ስለሚፈጅ መቅረቱ አይገርምም። ችግሩ ኩባንያው የያዛቸው ቦንዶችና አክሲዮኖች በምን ዋጋ እንደተመዘገቡ የሚነገረው እዚያ ብቻ መሆኑ ነው። ማብራሪያውን ፈልጎ ያገኘ ባለአክሲዮን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው አንድ መስመር ነው፦ «የገንዘብ ነክ ሀብቶቹ የመዝገብ ዋጋ ከፌር ቫልዩ ጋር ይቀራረባል።» ከየትኛው ስሌት ተነስቶ እንደተባለ አይገለጽም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለዚህች መስመር ነው።

«ፌር ቫልዩ»ን «ትክክለኛ ዋጋ» የሚሉት አሉ፤ «ፍትሐዊ ዋጋ» የሚሉም አሉ። ሁለቱም አንባቢን ያሳስታሉ፤ ስለዚህ በየቢሮው የሚባለውን እንዳለ ልውሰድ። ቃሉ ፍትሕ አልያዘም። በሪፖርቱ ቀን፣ ማንም ማንንም ሳያስገድድ፣ ገበያውን በሚያውቁ ሰዎች መካከል ሀብቱ ቢሸጥ የሚገኘው ዋጋ ማለት ነው። ትርጉሙን የደነገገው አይ ኤፍ አር ኤስ 13 (ከዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃዎች አንዱ) ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2011 ወጥቶ ከ2013 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። እኛ ዘንድ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 መንገዱን ከፈተ፤ ባንኮችና ኢንሹራንሶች ደግሞ ከ2010 በጀት ዓመት ጀምሮ በእነዚህ ደረጃዎች ሪፖርት ማድረግ ያዙ። የምናወራው ትናንት ስለመጣ ነገር አይደለም።

ከትርጉሙ ውስጥ ሦስት ነገር ይሳታል። አንደኛው የመሸጫ ዋጋ መሆኑ ነው፤ የተገዛበት ዋጋ ታሪክ ነው። ሁለተኛው የባለቤቱ ሐሳብ ቦታ የሌለው መሆኑ ነው። «እኛ አንሸጠውም» የሚል ቦርድ ስለ ራሱ ዕቅድ ተናገረ እንጂ ስለ ዋጋው አልተናገረም። ሦስተኛው ቀኑ ነው። የባንኮች የበጀት ዓመት የሚዘጋው ሰኔ 23 ነው። በ2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ የለቀቀው ሐምሌ 22 ቀን ነበር፣ ልክ በ29ኛው ቀን። ያ ለውጥ ወደ ኋላ ተመልሶ የሰኔ 23ን ዋጋ አይቀይርም፤ ከሪፖርቱ ቀን በኋላ የተፈጠረ ሁነት ተብሎ በማብራሪያ ይገለጻል። ቀኑን ማስተካከል ቀላል ይመስላል፤ ግን የመስከረም ጨረታ ዋጋ ለሰኔ ሂሳብ የሚውልበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም።

ዋጋው የሚገኝበት መንገድ በሦስት እርከን ይከፈላል። አንደኛው እርከን በሚንቀሳቀስ ገበያ ላይ በይፋ የተጠቀሰ የዚያው ሀብት ዋጋ ነው፤ እንዳለ ይወሰዳል፣ አይነካም። በእጅ ያለው አክሲዮን ብዙ ስለሆነ «ሁሉንም ብንሸጥ ዋጋው ይወርዳል» ተብሎ እንኳ ቅናሽ አይደረግበትም፤ ዋጋው በቁጥሩ ይባዛል፣ አለቀ። ሁለተኛው ከገበያ ከሚታይ ሌላ መረጃ የሚሰላ ነው፤ ለምሳሌ ከግምጃ ቤት ሰነድ ጨረታ የተገኘ የወለድ ምጣኔ። ሦስተኛው ደግሞ ዋና ዋናዎቹ ግብዓቶች ገበያ ላይ የማይታዩበት፣ ገማቹ ራሱ የሚያስቀምጣቸው ነው። አንድ ሀብት የሚመደበው ለውጤቱ ወሳኝ ከሆኑት ግብዓቶች መካከል ዝቅተኛው ባለበት እርከን ነው። ዘጠኙ ግብዓት ከገበያ ቢመጣና አሥረኛው ወሳኝ ግብዓት በግምት ቢገባ፣ ሀብቱ ሦስተኛ እርከን ነው።

የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ሥራ ሲጀምር፣ ከእንግዲህ ሁሉም ነገር ወደ አንደኛ እርከን የሚሄድ የመሰላቸው ነበሩ። ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ፤ ሌሎችም ተከተሉ። መመዝገብ ግን አንድ ነገር ነው፣ መገበያየት ሌላ። «የሚንቀሳቀስ ገበያ» የሚባለው ግብይቱ በድግግሞሹም በመጠኑም ያልተቋረጠ የዋጋ መረጃ ሲሰጥ ነው። አንድ አክሲዮን በወር ውስጥ አንድ ቀን ብቻ፣ ያውም በጣት የሚቆጠር ብዛት ተሽጦ ከሆነ፣ የዚያን ቀን ዋጋ ይዞ አንደኛ እርከን ላይ መቀመጥ አያስኬድም። ዋጋው ማስረጃ ነው፣ ይታያል፣ ይመዘናል፤ ብቻውን ግን ፍርድ አይሰጥም።

ወደ ቦንዱ ልመለስ፤ የዓረፍተ ነገሯ ትልቁ ጉዳት ያለው እዚህ ነው።

ባንኮቻችን በግዴታ የገዙት የመንግሥት ወረቀት ረጅም ታሪክ አለው። ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶ ያህሉን የብሔራዊ ባንክ ሰነድ ይገዙበት ነበር፤ ወለዱ መጀመሪያ 3፣ ኋላ 5 በመቶ። በ2015 ደግሞ ከአዲስ ብድር 20 በመቶውን የሚያህል የአምስት ዓመት የግምጃ ቤት ቦንድ መግዛት መጣ፤ ወለዱ 9 በመቶ። ባንኮቹ ቦንዱን እስከ መጨረሻው ይዘው ዋናውንና ወለዱን ስለሚሰበስቡ በአሞርታይዝድ ኮስት (በተገዛበት ዋጋ ላይ በተሰላ ወለድና በተሰበሰበ ክፍያ እየተስተካከለ በሚሄድ ዋጋ) ይመዘግቡታል። ይህ በአይ ኤፍ አር ኤስ 9 መሠረት ትክክል ነው፤ የሀብትና ዕዳው መግለጫ ላይ ፌር ቫልዩ አይገባም። አይ ኤፍ አር ኤስ 7 ግን ከመዝገብ ዋጋው ጎን ፌር ቫልዩው በማብራሪያ እንዲቀመጥ ያዛል። «ይቀራረባል» የምትለዋ መስመር የምትገባው እዚህ ቦታ ላይ ነው።

እስኪ እናስላው። ዋናው 1,000,000 ብር የሆነ፣ በዓመት አንድ ጊዜ 9 በመቶ የሚከፍል፣ ሦስት ዓመት የቀረው ቦንድ እንውሰድ። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 የፖሊሲ ወለድ ምጣኔውን 15 በመቶ ብሎ ስለጀመረ፣ ዛሬ ይህን ቦንድ የሚገዛ ሰው 16 በመቶ ይጠይቃል እንበል። የመጀመሪያው ዓመት 90,000 ብር በ1.16 ሲካፈል 77,586 ይሆናል። የሁለተኛው 90,000 በ1.3456 ሲካፈል 66,885። በሦስተኛው ዓመት ወለድና ዋናው አንድ ላይ 1,090,000 ናቸው፤ በ1.5609 ሲካፈሉ 698,317። ድምሩ 842,788 ብር ነው። መዝገቡ 1,000,000 ይላል። የዚህ ዓይነት ቦንድ 2 ቢሊዮን ብር የያዘ ባንክ ልዩነቱ 314 ሚሊዮን ብር ይደርሳል። ይህን «ይቀራረባል» የሚል ሰው ገበያ ወርዶ ስንት ሊከፍል እንደሚችል መጠየቅ ነው።

ምጣኔው 14 በመቶ ቢሆን ዋጋው 883,918 ይሆናል፤ 18 በመቶ ቢሆን 804,315። ማብራሪያው ላይ መታየት ያለበት እንዲህ ያለ ቁጥር ነው፤ አንድ ነጥብ ብቻ ሳይሆን ምጣኔው ቢንቀሳቀስ ዋጋው ወዴት እንደሚሄድ።

ስሌቱ የሚበላሽባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። የጨረታ ምጣኔው የሚገኘው ከግምጃ ቤት ሰነድ ነው፤ 28፣ 91፣ 182 እና 364 ቀን የሚቆይ። ሰነዱ ወለድ የሚከፍለው በየዓመቱ ሳይሆን በቅናሽ ዋጋ በመሸጥ ነው፤ ስለዚህ በጨረታው የሚጠቀሰውን ቀላል ምጣኔ ወደ ዓመታዊ ተደራራቢ ምጣኔ ሳይቀይሩ ከቦንዱ ስሌት ውስጥ መክተት ስሕተት ነው። የ91 ቀን ሰነድ በቀላል ስሌት 15 በመቶ ከሆነ፣ በተደራራቢ 15.87 በመቶ ይሆናል። ልዩነቱ ከአንድ በመቶ ባይሞላም በቢሊዮን ሲባዛ ያስደነግጣል። ሌላው፣ ለ91 ቀን የተጠየቀን ምጣኔ ለሦስት ዓመት ቦንድ እንዳለ መውሰድ ነው። ለረጅም ጊዜ ገንዘቡን የሚያስር ሰው ተጨማሪ ይጠይቃል፤ ያ ጭማሪ ከየት እንደመጣ መጻፍ አለበት፣ ወሳኝ ከሆነም ሀብቱን ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ እርከን ያወርደዋል። የተጠራቀመ ወለድም አለ። የመዝገብ ዋጋው የተጠራቀመውን ወለድ ይዞ፣ የተሰላው ፌር ቫልዩ ሳይዘው ከቀረ (ወይም በተገላቢጦሽ)፣ የሚነጻጸሩት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ግዴታ ስለሆነው ግዢ አንድ ሙግት አለ፤ እሱን ሳላነሳ ባልፍ ከባንክ ሰዎች ደብዳቤ ይደርሳችኋል። አይ ኤፍ አር ኤስ 9 ሀብቱ መጀመሪያ ሲመዘገብ በፌር ቫልዩ እንዲሆን ይጠይቃል። አይ ኤፍ አር ኤስ 13 ደግሞ የተከፈለው ዋጋ ፌር ቫልዩን ላይወክል ከሚችልባቸው ሁኔታዎች አንዱ ግብይቱ በግዳጅ ሲፈጸም ወይም ሻጩ ዋጋውን ለመቀበል ሲገደድ እንደሆነ ይናገራል። ታዲያ በገዛበት ቀን ባንኩ ኪሳራ መመዝገብ ነበረበት? አንዱ ወገን አዎ ይላል። ሌላው ወገን፣ ለዚህ ቦንድ ያለው ገበያ ሁሉም ባንክ በዚያው ዋጋ የሚገባበት ስለሆነ ዋጋው ራሱ የዚያ ገበያ ዋጋ ነው ብሎ ይከራከራል። እኔ ከሁለተኛው ወገን ጋር መኖር ይከብደኛል፤ ሆኖም ባንኩ ምርጫውን ጽፎ፣ ምክንያቱንም ገልጾ ካስቀመጠ ቢያንስ አንባቢው የሚከራከርበት ነገር ያገኛል። በዝምታ ማለፉ ነው የማይዋጠው።

«አንሸጠውም፣ ስለዚህ ምን ያደርግልናል» ለሚሉ የአሜሪካውን የሲሊከን ቫሊ ባንክን ነገር ማስታወስ ይበቃል። ባንኩ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ እስከ ማብቂያቸው ሊይዛቸው ያሰባቸው ወደ 91 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጉ ሰነዶች ነበሩት፤ በፌር ቫልዩ ሲለኩ ወደ 15 ቢሊዮን ዶላር የሚያህል ጉድለት ነበረባቸው፤ ይህም ከባንኩ ጠቅላላ ካፒታል ጋር የሚቀራረብ ነው። ቁጥሩ አልተደበቀም፤ በሪፖርቱ ውስጥ ነበር። ባንኩ እ.ኤ.አ. ማርች 8 ቀን 2023 ለሽያጭ ያዘጋጃቸውን ሌሎች ሰነዶች ሸጦ 1.8 ቢሊዮን ዶላር መክሰሩን ሲያሳውቅ አስቀማጮች ገንዘባቸውን ለማውጣት ተሰለፉ፤ በሁለት ቀን ውስጥ ባንኩ ተዘጋ። «አንሸጥም» የሚለው ዕቅድ የሚሠራው አስቀማጩ እስከፈቀደ ድረስ ነው።

ዓረፍተ ነገሯ ሁልጊዜ ውሸት ናት ማለቴ አይደለም። በሌላ ባንክ ያለ ተቀማጭ፣ የሦስት ወር ሰነድ፣ ከደንበኛ በአጭር ጊዜ የሚሰበሰብ ሂሳብ የመዝገብ ዋጋቸው ከፌር ቫልዩ ጋር በእርግጥ ይቀራረባል፤ ደረጃውም ለእነዚህ ሌላ ስሌት አይጠይቅም። የብድር ውላቸው ላይ ባንኩ ወለዱን በፈለገ ጊዜ እንዲያስተካክል የሚፈቅድ አንቀጽ ካለና በእርግጥም ካስተካከለ፣ ለብድሩም ትሠራለች። ችግሩ ይህች መስመር ለሦስት ወር ሰነድ ተጽፋ፣ ለአምስት ዓመት ቦንድም ለኢንሹራንስ አክሲዮንም ስትገለበጥ ነው።

አክሲዮኑ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ባንኮቻችን በኢንሹራንስ ኩባንያዎች፣ የባንኮችን ክፍያ በሚያገናኘው በኢትስዊችና በሌሎች ኩባንያዎች ውስጥ በገበያ ያልተመዘገበ ድርሻ አላቸው። በድሮው ደረጃ ዋጋው በአስተማማኝ መንገድ ካልተለካ በመግዣ ዋጋ ማስቀመጥ ይቻል ነበር። አይ ኤፍ አር ኤስ 9 ያንን በር ዘጋው። ድርሻው ወሳኝ ተጽዕኖ የማይሰጥ ከሆነ (ተጽዕኖ ካለው ሌላ የአመዘጋገብ ዘዴ አለው) በፌር ቫልዩ ይለካል። መግዣ ዋጋ ሊያገለግል የሚችለው በውሱን ሁኔታ ነው፤ በቂ የሆነ አዲስ መረጃ ሳይኖር ሲቀር፣ ወይም የሚገመተው ዋጋ በጣም ሰፊ ክልል ላይ ሲበታተንና መግዣው በውስጡ ጥሩ ግምት ሲሆን። ኩባንያው ዕቅዱን በእጅጉ ከሳተ ወይም ካለፈ፣ ኢኮኖሚው ከተለዋወጠ፣ አክሲዮኑ ለሌላ ሰው በሌላ ዋጋ ከተሸጠ፣ መግዣ ዋጋ መጠለያ አይሆንም። ከ2016 ወዲህ «ኢኮኖሚው አልተለወጠም» ብሎ የሚፈርም ኦዲተር ካለ ስሙን ማወቅ እፈልጋለሁ። «መረጃ የለንም» የሚለውም አይሰማም፤ ብዙ ጊዜ የባንኩ ተወካይ በዚያው ኩባንያ ቦርድ ላይ ተቀምጧል።

በምሳሌ ላሳይ፤ ቁጥሮቹ ለስሌት ያወጣኋቸው ናቸው። አንድ ባንክ በአንድ ኢንሹራንስ ውስጥ እያንዳንዳቸው 1,000 ብር የተጻፈባቸው 20,000 አክሲዮኖች አሉት፤ መዝገቡ 20 ሚሊዮን ይላል። ኢንሹራንሱ በአጠቃላይ 800,000 አክሲዮኖች፣ 2 ቢሊዮን ብር ካፒታል አለው፤ በአክሲዮን 2,500 ብር። ሕንፃው ዛሬ ባለው ዋጋ ቢለካ ከግብር በኋላ 300 ሚሊዮን ብር ይጨምራል፤ የተስተካከለው የተጣራ ሀብት በአክሲዮን 2,875 ይሆናል። በገበያ የማይሸጥ ስለሆነ 20 በመቶ ቅናሽ ቢደረግ 2,300፤ ለ20,000 አክሲዮን 46 ሚሊዮን ብር።

ሌላው መንገድ የትርፍ ድርሻን መከተል ነው። ትርፉ በአክሲዮን 450፣ የሚከፈለው 200 ነው። የቀረው 250 ብር፣ ማለትም ከትርፉ 55.6 በመቶው፣ ኩባንያው ውስጥ ይቀራል። 450 ከ2,500 ሲታይ 18 በመቶ ነው፤ 18 በመቶ በ55.6 በመቶ ሲባዛ 10 በመቶ ዕድገት ይሰጣል። የዕድገቱ ምጣኔ ከዚህ ይመጣል፤ ገማቹ ከአየር ላይ አያወርደውም። 8 በመቶ ብሎ የሚጽፍ ሰው የቀረው ትርፍ ከ18 በመቶ ያነሰ ያስገኛል እያለ ነውና ለምን እንደሆነ ያስረዳ። ባለአክሲዮኑ የሚጠይቀው መመለሻ 24 በመቶ ከሆነ፣ የሚቀጥለው ዓመት ድርሻ 220 ብር (200ው በ10 በመቶ አድጎ) በ0.14 (24 በመቶ ሲቀነስ 10 በመቶ) ሲካፈል 1,571 ብር ይመጣል። ለ20,000 አክሲዮን 31.4 ሚሊዮን። የሚጠየቀው መመለሻ 22 ቢሆን 36.7 ሚሊዮን፣ 26 ቢሆን 27.5 ሚሊዮን።

ሁለቱ መንገዶች ለምን እንዲህ ተራራቁ? ኢንሹራንሱ በካፒታሉ ላይ የሚያተርፈው 18 በመቶ ነው፤ ባለአክሲዮኑ የሚፈልገው 24። ከሚጠየቀው በታች የሚያተርፍ ኩባንያ ከመዝገብ ሀብቱ በታች ይሸጣል። ስለዚህ የተጣራ ሀብት ዘዴን የመረጠ ባንክ ሕንፃው ይሸጣል ብሎ ነው ወይስ ኩባንያው ሥራውን ይቀጥላል ብሎ ነው የሚለው መመለስ አለበት። መልሱ ሁለተኛው ከሆነ 46 ሚሊዮን ከባድ ቁጥር ነው። 20 ሚሊዮን ግን በየትኛውም መንገድ አልመጣም፤ ያ የመግዣ ዋጋው ነው።

እዚህ ላይ አገራችንን የሚመለከቱ ሁለት ወጥመዶች አሉ። ኩባንያው ካፒታል ሲያሳድግ አዲሱ አክሲዮን ብዙ ጊዜ ለነባር ባለአክሲዮኖች በተጻፈበት ዋጋ፣ በ1,000 ብር ይሸጣል። «በቅርቡ በ1,000 ብር ስለተሸጠ ፌር ቫልዩው 1,000 ነው» የሚል ማብራሪያ ይጻፋል። ነባር ባለአክሲዮን ቅድሚያ መብት ስላለው በርካሽ ገዛ፤ ውጭ ያለ ሰው በዚያ ዋጋ ሊገዛ አይችልም። ይህ የገበያ ዋጋ ማስረጃ አይደለም። ሁለተኛው ጨረታ ነው። በ2009 ዓ.ም. አካባቢ የውጭ ዜግነት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በባንክና በኢንሹራንስ የነበራቸውን አክሲዮን እንዲለቁ ሲደረግ አክሲዮኖቹ በጨረታ ከተጻፈ ዋጋቸው በላይ ተሸጡ። የዚያ ዓይነት ጨረታ ዋጋ ሲገኝ «የግዳጅ ሽያጭ ነው» ብሎ መጣል አይበቃም። ጨረታው በቂ ጊዜ ወጥቶ ነበር? ስንት ተጫራች ገባ? ገዢው ያለመገደድ ገዛ? እነዚህ አዎንታዊ ከሆኑ ሻጩ ባይወድም ዋጋው ክብደት አለው።

መረጃው በጊዜ አለመድረሱም የየዓመቱ ራስ ምታት ነው። የኢንሹራንሱም ሂሳብ የሚዘጋው በዚያው ሰሞን ነው፤ ኦዲት ሆኖ የሚወጣው ግን ወራት ቆይቶ ነው። ስለዚህ ገማቹ ያልተጠናቀቀውን ሂሳብ ይወስዳል፣ ወይም ያለፈውን ዓመት ኦዲት የተደረገ ሂሳብ ይዞ እስከ ሰኔ ያለውን ለውጥ ያስተካክላል። ሁለቱም ይፈቀዳሉ። የማይፈቀደው ያለፈውን ዓመት ቁጥር እንዳለ ይዞ ዘንድሮ ብሎ መፈረም ነው። አክሲዮኑን የገዛው የኢንቨስትመንት ክፍልም ዋጋውን ራሱ ባይገምት ይመረጣል፤ ግምቱን የሠራው፣ ያረጋገጠውና ያጸደቀው ሦስት የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ፣ ፋይሉም ላይ ቀኑ፣ የመረጃው ምንጭና ካለፈው ዓመት የተቀየረው ግብዓት ይጻፍ።

31.4 ሚሊዮኑን ብንወስድ፣ ከመዝገቡ በላይ የተገኘው 11.4 ሚሊዮን ብር የት ይገባል? ባንኩ አክሲዮኑን ለንግድ ካልያዘው፣ መጀመሪያ ሲመዘግበው በማይሻር ምርጫ ለውጡን በሌላ ሁሉን አቀፍ ገቢ (ከትርፍና ኪሳራው ውጭ ካፒታሉን በሚቀይር መስመር) በኩል ማሳየት ይችላል። ያኔ ለውጡ ወደ ትርፍ አይገባም፤ አክሲዮኑ ሲሸጥ እንኳ ወደ ትርፍና ኪሳራ አይዘዋወርም፤ ወደዚያ የሚገባው የትርፍ ድርሻው ብቻ ነው። የወደፊት ግብሩም አብሮ ይያዝለታል። ምርጫው ካልተደረገ ልዩነቱ በቀጥታ ትርፍ ሆኖ ይታያል። ባለአክሲዮን ትርፉ ለምን እንዳደገ ሲጠይቅ ይህን መለየት አለበት፤ ያልተሸጠ አክሲዮን ዋጋው ስለጨመረ የተገኘ ትርፍ ጥሬ ገንዘብ የለውም። ከእሱ የትርፍ ድርሻ ላከፋፍል የሚል ቦርድ ከተቀማጭ ላይ ሊከፍል ነው።

ለሦስተኛ እርከን ሀብቶች ደረጃው የሚጠይቀው ማብራሪያ ረጅም ነው፤ እዚህ ሁሉንም አልዘረዝርም። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ያለው የመነሻና የመድረሻ ሠንጠረዥ ነው፦ ዓመቱ ሲጀመር ስንት ነበር፣ ምን ተገዛ፣ ምን ተሸጠ፣ የዋጋ ለውጡ ስንት ነው፣ ከእርከን ወደ እርከን ምን ተዛወረ። ሠንጠረዡ በየዓመቱ መድረሻው ከመነሻው ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ፣ የዋጋ ለውጡ መስመር ላይ ሰረዝ ብቻ ካለ፣ ማንም አልለካውም ማለት ነው። ሂሳብ የማያውቅ ባለአክሲዮን እንኳ ይህን በዓይኑ ሊያይ ይችላል።

ለዋና አዘጋጁ ጥያቄዬ ትንሽ ነው። የሂሳብ መግለጫ ከሚያወጣው ድርጅት ጋር የማስታወቂያ ውል ስትዋዋሉ አንድ አራት መስመር ያለው ሠንጠረዥ አብሮ እንዲገባ ጠይቁ፤ የቦንዱ መዝገብ ዋጋ፣ ፌር ቫልዩው፣ የተጠቀሙበት ምጣኔ፣ እርከኑ። ከገጹ የሚወስደው የዓመታዊ መልካም ምኞት መግለጫን ያህል ቦታ እንኳ አይደለም። ሠንጠረዡ ካልተሰጣችሁ፣ ከጉባዔው በፊት የሂሳብ ሰነዶችን የማየት መብት ያላቸው ባለአክሲዮኖች ወደ ድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት ሄደው የዋጋ ግምቱን ፋይል ሳይሆን ማብራሪያውን ብቻ ቢጠይቁ ይበቃቸዋል። «ይቀራረባል» የሚል ካገኙ በጉባዔው ላይ እጃቸውን አውጥተው «በስንት?» ይበሉ።

የሂሳብ ባለሙያ
ከአዲስ አበባ